የዓባይ ጥንታዊ የድንጋይ ድልድዮች፤ አሠራራቸውና ታሪካቸው

ከጣና ሐይቅ የሚወጣውን የዓባይን ወንዝ ተከትሎ ወደ ታች የሚወርድ ሰው በሁለት ስፍራ ጥንታዊ የድንጋይ ድልድይ ያገኛል። አንደኛው ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ ዝቅ ብሎ፣ ወንዙ በጠባብ ዓለት መካከል ተጨንቆ በሚያልፍበት ስፍራ የቆመው የዓላታ ድልድይ ነው፤ የአገሩ ሰው አጋም ድልድይም ይለዋል። ሁለተኛው ከዚያ በታች፣ ከጎጃም ከሞጣ ተነሥቶ ወደ ቤጌምድር ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው የጥንት መንገድ ላይ የተሠራው ነው። ይህኛው የሚታወቀው በአሠሪው ስም ሳይሆን በደረሰበት ጉዳት ነው፤ ሰባራ ድልድይ ይባላል።

ስለ እነዚህ ድልድዮች የሚነገረው አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ስም ይጀምርና በዚያው ስም ያበቃል፤ ስሙም «የፖርቱጋል ድልድይ» የሚለው ነው። በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምንሞክረው ግን ይህ ስም ከሚገልጸው ይልቅ የሚሸፍነው እንደሚበዛ ነው። ድልድዮቹ የማን ጥበብና የማን ፈቃድ ሥራ እንደ ሆኑ፣ ቅስታቸው በምን ብልሃት እንደ ቆመ፣ አንደኛው ሲሰበርም ስለ ምን ረዥም ዘመን ሳይጠገን እንደ ኖረ መመርመር፣ ጥበብ ወደ አንድ አገር እንዴት እንደሚገባ፣ እንዴት እንደሚወረስና እንዴት እንደሚጠፋ መመርመር ነው። ዓመታቱን ሁሉ የምናመለክተው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

1. ከድልድይ በፊት የነበረው መሻገሪያ

ዓባይ ጎጃምን በሦስት ወገን ከቦ የሚፈስ ወንዝ ስለ ሆነ፣ ለጎጃም ሰው ወንዙ ድንበርም መንገድም ነው። በበጋ ውኃው ሲጎድል መንገደኛው በየመሻገሪያው በእግሩ ይሻገራል። ክረምት ሲገባ ግን ወንዙ በሩን ይዘጋል፤ ነጋዴው ከነሸቀጡ፣ ሠራዊቱ ከነስንቁ በዳር ይቀራል። በሁለቱ ዳር ያለው ሕዝብ በቋንቋ፣ በሃይማኖትና በጋብቻ የተሳሰረ ሲሆን፣ በዓመቱ ውስጥ ለብዙ ወራት አንዱ ለሌላው ሠርግም ሆነ ለቅሶ መድረስ አይችልም ነበር።

የመሻገሪያው ዘዴ እንደ ውኃው ጠባይ ይለያያል። በጣና ላይና በሐይቁ አፍ አጠገብ ከደንገል የሚታሰረው ታንኳ ያገለግላል፤ ነገር ግን ውኃው ከዓለት ወደ ዓለት በሚወረወርበት ስፍራ ታንኳ አይረባም። በታችኛው ወንዝ በአየር የተነፋ አቁማዳ ታቅፎ መዋኘት የተለመደ ነበር። አዞ በሚፈራበት መሻገሪያ ደግሞ መንገደኞች አንድ ላይ እስኪሰበሰቡ ጠብቀው፣ እየጮኹና ውኃውን እየመቱ በኅብረት ይገባሉ። ከዚህ እንደምንረዳው መሻገር የአንድ ሰው ተግባር ሳይሆን የማኅበር ተግባር ነበር። ይህን ነጥብ ወደ ኋላ እንመለስበታለን፤ ሰባራ ድልድይ ከተሰበረ በኋላ የሆነውን የሚያስረዳው እርሱ ነውና።

2. የዓላታ ድልድይ መሠራት

ድልድዩ የተሠራው በዐፄ ሱስንዮስ ዘመነ መንግሥት (1607-1632) ነው፤ ዓመቱም አብዛኛውን ጊዜ 1626 ተብሎ ይጠቀሳል። ከጽሑፍ ምስክሮቹ አንዱ በ1625 ከፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴስ ጋር ወደ ኢትዮጵያ የገባው ኢየሱሳዊው ጄሮኒሞ ሎቦ ነው። የእርሱን የጉዞ ታሪክ በ1735 በእንግሊዝኛ ያሳተመው፣ በኋላ በመዝገበ ቃላቱ ስሙ የገነነው ሳሙኤል ጆንሰን ነበር።

ሎቦ የሚነግረን ሦስት ፍሬ ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ ዓለቶቹ እጅግ የተቀራረቡ ስለ ሆኑ የድንጋይ ድልድይ ከመሠራቱ በፊት በዚያው ስፍራ ግንድ ተጋድሞ የንጉሡ ሠራዊት በእርሱ ላይ ተሻግሯል። ሁለተኛ፣ ሥልጣን ሰገድ የተባለው ንጉሥ፣ ማለት ሱስንዮስ፣ በዚያው ቦታ ባለ አንድ ቅስት ድልድይ አሠርቷል፤ ለዚህም ሥራ ግንበኞችን ከሕንድ አስመጥቷል። ሦስተኛ፣ ድልድዩ የአገሩ ሰው በዓባይ ላይ ያየው የመጀመሪያው ሲሆን በአውራጃዎቹ መካከል ያለውን መገናኛና ንግድ አቃንቷል።

እነዚህን ቃላት ልብ ብሎ ለሚመረምር፣ «የፖርቱጋል ድልድይ» የሚለው ስም ከመጀመሪያው ምስክር ጋር እንኳን በሙሉ እንደማይስማማ ይገነዘባል። ቦታውን የመረጠው ከሠራዊቱ ጋር በግንድ ላይ ይሻገር የነበረው የአገሩ ልምድ ነው፤ ያዘዘው የኢትዮጵያ ንጉሥ ነው፤ ግንበኞቹም ከሕንድ የመጡ ናቸው። የፖርቱጋል ድርሻ በመካከል ያለው መንገድ ነው፤ ይኸውም ጎዋን ከቀይ ባሕርና ከኢትዮጵያ ቤተ መንግሥት ጋር ያገናኘው የኢየሱሳውያን ግንኙነት ነው። ይህ ድርሻ ትልቅ ነው፤ ነገር ግን ሥራውን በሞላው ለእነርሱ ለመስጠት አያበቃም። በቅርብ ዘመን የስፔን የሥነ ቁፋሮ ሊቃውንት በአዘዞ፣ በደንቀዝና በአዲሱ ጎርጎራ ያደረጉት ጥናት፣ በ1617 ሳይሆን በ2017 በታተመው መጽሐፋቸው እንደ ተመለከተው፣ በዚያ ዘመን ሕንጻዎች ላይ የሕንድ ጥበብ ምን ያህል እንደሚታይ አሳይቷል።

ከመቶ አርባ ዓመት ያህል በኋላ፣ በ1770፣ የስኮትላንዱ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ወደ ጢስ ዓባይ ሲሄድ ድልድዩ ቆሞ አገኘው። ቅስቱን ሃያ አምስት ጫማ ያህል ብሎ ገመተ፤ ይህም 7.6 ሜትር ገደማ ነው። የቅስቱ ጫፎች በሁለቱ ወገን በጽኑ ዓለት ውስጥ ገብተው እንዳረፉም አስተውሏል። ይህ የብሩስ አስተያየት ለመሐንዲስ ከሁሉ የበለጠ ዋጋ ያለው ነው፤ ምክንያቱን ከዚህ ቀጥለን እናያለን።

3. የቅስቱ ብልሃት

ድንጋይ ሲጫኑት ጽኑ፣ ሲያጎብጡት ደካማ ነው። ረዥም የድንጋይ ሰሌዳ በሁለት ግድግዳ ላይ አጋድመው ከባድ ሸክም ቢጭኑበት ከሥሩ ተሰንጥቆ ይወድቃል፤ እንጨት ግን ጎብጦ ይችላል። ስለዚህ በግንድ ይሻገሩት የነበረውን ስፍራ በድንጋይ ለመሻገር የሚፈልግ ሰው፣ የድንጋዩን ቅርጽ ሳይሆን የሸክሙን መንገድ መለወጥ አለበት። ቅስት የሚያደርገው ይህንኑ ነው። እንደ ሽብልቅ የተደረደሩት ድንጋዮች እያንዳንዳቸው ወደ ታች ሊወድቁ ሲሉ ጎረቤታቸውን ይጫናሉ፤ እንዲህ እየተቀባበሉ ክብደቱ ሁሉ ግፊት ሆኖ ወደ ሁለቱ ዳር ይወርዳል።

ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ቆመው ትከሻ ለትከሻ ቢደጋገፉ እግራቸው እስካልተንሸራተተ ድረስ አይወድቁም። የቅስትም ጠባይ እንዲሁ ነው፤ ወደ ታች ብቻ ሳይሆን ወደ ጎንም ይገፋል፤ የሚወድቀውም ብዙ ጊዜ አናቱ ስለ ደከመ ሳይሆን እግሩ ስለ ሸሸ ነው። በሜዳ ላይ ቅስት የሚሠራ ግንበኛ ይህን የጎን ግፊት የሚችል ወፍራም የዳር ግንብ መሥራት ይኖርበታል። በዓላታ ግን የዳሩን ግንብ ተፈጥሮ ራሱ ሠርቶ አቆይቶታል፤ ብሩስ እንዳየው የቅስቱ እግሮች በዓለቱ ውስጥ ገብተዋል። እንግዲህ የሥራው ከፍተኛ ጥበብ ከቦታው ምርጫ ላይ ነው ማለት ይቻላል።

የቅስቱ ውፍረትስ ምን ያህል መሆን ነበረበት? የዛሬው የምሕንድስና ትምህርት እንደሚያስረዳው፣ ግማሽ ክብ የሆነ ቅስት የራሱን ክብደት ተሸክሞ እንዲቆም ውፍረቱ ከክቡ ራዲየስ ከመቶ 10.7 ያህል ማነስ የለበትም። የብሩስን ልክ ብንወስድና ቅስቱን ግማሽ ክብ ነው ብንል፣ ራዲየሱ 3.8 ሜትር ይሆናል፤ ትንሹ ውፍረትም 41 ሳንቲሜትር ገደማ ይሆናል ማለት ነው። የጥንት ግንበኞች ይህን ስሌት አያውቁትም ነበር፤ ነገር ግን ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ የልክ ሕግ ነበራቸው፤ ከሚያስፈልገውም አብልጠው ያወፍሩ ነበር። የሚጫነው በቅሎና ሠራዊት ስለ ሆነ፣ ከድልድዩ ከራሱ ክብደት ጋር ሲነጻጸር ሸክሙ ቀላል ነው።

ቅስት የመጨረሻው ድንጋይ እስኪገባ ድረስ ራሱን አይችልም። ስለዚህ አስቀድሞ በእንጨት የቅስቱን ቅርጽ ሠርቶ በላዩ ድንጋዩን መደርደር፣ ቁልፉ ድንጋይ ከገባና ኖራው ከጠና በኋላም እንጨቱን መንቀል ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ በበጋ፣ ውኃው ባነሰበት ወራት፣ ከክረምቱ ሙላት በፊት መፈጸም አለበት። በዓላታ ከዋናው ቅስት ሌላ፣ ውኃው ሞልቶ በዓለቱ ላይ ሲፈስ የሚያሳልፉ ትናንሽ ቅስቶች በዳር ተሠርተዋል። እነዚህ ባይኖሩ ኖሮ መላው ግንብ ለጎርፉ እንደ ግድብ ሆኖ ይቆምና በአንድ ክረምት ሊናድ ይችል ነበር።

4. ኖራ

በጣና ዙሪያ የሚበዛው ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ለግንብ እጅግ ጽኑ ነው፤ ነገር ግን ቢያቃጥሉት ኖራ አይሆንም። በዚህ ምክንያት የደጋው ግንበኛ ድንጋዩን ያያይዝ የነበረው በጭቃ ነው። ጭቃ በቤት ግድግዳ ላይ፣ ጣራ ከዝናብ ሲጠብቀው፣ ዘመናት ይቆያል፤ በወንዝ ላይ ግን አንድ ክረምት ያጥበዋል። ስለዚህ የድልድዩ መሠራት የቅስት ዕውቀት ብቻ ሳይሆን የኖራ ዕውቀት ውጤት ነው። የኢየሱሳውያኑ ታሪክ ጸሓፊ ማኑኤል ደ አልሜይዳ ለኖራ የሚሆነው ድንጋይ በሱስንዮስ ዘመን መገኘቱን እንደ ትልቅ ነገር አድርጎ መዝግቦታል፤ ግኝቱንም ከሕንድ ከመጣ ሰው ጋር ያያይዘዋል።

የኖራ አሠራር እንዲህ ነው። የኖራው ድንጋይ በምድጃ ውስጥ በ900 ዲግሪ ያህል ሙቀት ሲቃጠል በውስጡ የታሰረው አየር ይወጣና የሚፋጅ ነጭ ነገር ይቀራል። ይህ በውኃ ሲበርድ ይፈርሳል፤ ከአሸዋ ጋር ተለውሶ በድንጋዮቹ መካከል ይገባል። ከዚያም የለቀቀውን አየር ከነፋሱ ቀስ በቀስ መልሶ እየወሰደ ዳግመኛ ድንጋይ ይሆናል። ይህ መመለስ ዓመታት ይፈጃል። መዘግየቱ ግን ጥቅም አለው፤ ግንቡ ጥቂት ቢሰምጥ ወይም ቢንቀሳቀስ ኖራው ከእርሱ ጋር እየተስማማ ይጠናል። በጎንደርና በዓላታ ያሉ ሽማግሌዎች ኖራው በእንቁላል ተለውሷል ይላሉ። ይህን ትውፊት እንደ ተረት አድርጎ ከመጣል ይልቅ፣ ከግንቡ ጥቂት ቁራሽ ወስዶ በላቦራቶሪ መመርመር የተሻለ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስደንቅ ነገር አለ። በአክሱም፣ ከክርስትና መግባት ዘመን ገደማ በተሠራ መቃብር ውስጥ፣ በተቃጠለ ጡብና በኖራ የተገነቡ ቅስቶች ተገኝተዋል፤ በ1974 በኔቪል ቺቲክ፣ በ1990ዎቹም በዴቪድ ፊሊፕሰን የተመራው ቁፋሮ ገልጧቸዋል። እንግዲህ ቅስትም ሆነ ኖራ በሱስንዮስ ዘመን ለኢትዮጵያ ምድር ፈጽሞ አዲስ አልነበሩም። አንድ ጊዜ ታውቀው ነበር፤ ነገር ግን ዕውቀቱ ከሠሪዎቹ ጋር ተቀበረ። ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ቆይቶ በባሕር በኩል እንደ እንግዳ ተመልሶ መጣ።

5. መምህራኑ ከሄዱ በኋላ

ሱስንዮስ በ1632 የቀደመውን ሃይማኖት መልሶ መንግሥቱን ለልጁ ለፋሲለደስ ተወ። ፋሲለደስም ኢየሱሳውያኑን ከአገር አስወጣቸው። ስሙ ትክክል ቢሆን ኖሮ፣ ፖርቱጋሎቹ ሲሄዱ ድልድዩም ግንቡም በዚያው ባበቃ ነበር። የሆነው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። ጎንደር በቤተ መንግሥቷ የተነሣችው ከዚያ በኋላ ነው፤ ትውፊት ለዐፄ ፋሲለደስ ሰባት ድልድዮችን ይቈጥርለታል፤ ሰባራ ድልድይ የተባለውም በእርሱ ዘመን፣ በ1660 ገደማ፣ ኢየሱሳውያኑ ከወጡ ሩብ ምዕት ዓመት ካለፈ በኋላ የተሠራ ነው። «ሁለተኛው የፖርቱጋል ድልድይ» ብሎ መጥራት እንግዲህ የታሪኩን ቅደም ተከተል መገልበጥ ነው።

ጥበቡን ማን ወረሰው? መልሱን የምንፈልገው በነገሥታቱ ዜና መዋዕል ብቻ ሊሆን አይገባም። በጎንደር ዘመን የግንበኝነትና የአናጢነት ሥራ ከቤተ እስራኤል ጋር በብርቱ የተያያዘ ነበር፤ ብሩስን የመሰሉ ተጓዦችም ይህን ተመልክተዋል። እጀ ሥራ በሚናቅበት ማኅበረሰብ ውስጥ፣ ግንቡን ያቆመው እጅ ስሙ በድንጋዩ ላይ አልተጻፈም። ንጉሡ በዜና መዋዕሉ ይታወሳል፤ የውጭ አገር ሰው በአገሩ ቋንቋ ይጽፋል፤ ግንበኛው ግን ሁለቱም ስለሌሉት ድልድዩ በሌላ ሰው ስም ተጠራ። ይህን ማለታችን ለአገር ክብር ብቻ ስንል አይደለም፤ ማን እንደ ሠራ ካላወቅን ጥበቡ በየት በኩል እንደ ጠፋ ማወቅ አንችልምና ነው።

6. ሰባራ ድልድይ

ይህኛው ድልድይ ከዓላታ የሚለየው ወንዙ በሰፋበት ስፍራ በመሠራቱ ነው። አንድ ቅስት ስለማይበቃ ብዙ ቅስቶች ያስፈልጋሉ፤ በቅስቶቹ መካከልም በውኃው መንገድ ላይ የሚቆሙ ምሰሶዎች ይኖራሉ። ብዙ ቅስት ባለው ድልድይ ላይ እያንዳንዱ ቅስት ጎረቤቱን ስለሚገፋ በመካከል ያለው ምሰሶ ከግራና ከቀኝ እኩል ተደግፎ ይኖራል። አንዱ ቅስት ቢፈርስ ግን ግፊቱ ወደ ባዶው ወገን ያዘነብላል፤ ምሰሶው ቀጭን ከሆነ ሌሎቹ ቅስቶች ተራ በተራ ይናዳሉ።

በኢጣሊያ ወረራ ዘመን (1935-1941) ጠላት እንዳይሻገር አርበኞች የመካከሉን ቅስት እንደ ሰበሩት ይነገራል። ሠራዊትን የሚያሻግር ድልድይ ወገንና ጠላትን አይለይም፤ ያሠራው መንግሥት እንደ ተጠቀመበት ሁሉ ወራሪም ይጠቀምበታል። ስለዚህ መስበሩም እንደ መሥራቱ አገርን የመጠበቅ ተግባር ነበር። መሐንዲስ ልብ ሊለው የሚገባው ግን ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው፤ የመካከሉ ቅስት ሲጠፋ የቀሩት አልተናዱም፤ ለብዙ ዐሠርት ዓመታት ቆመው ኖሩ። ይህም ምሰሶዎቹ እያንዳንዳቸው እንደ ዳር ግንብ ሆነው የአንድ ወገን ግፊት ብቻቸውን ሊችሉ በሚበቃ ውፍረት እንደ ተሠሩ ያረጋግጣል። የሠሪዎቹን ብቃት ከዚህ የሚበልጥ ምስክር አያስፈልገውም።

ጠላት ከወጣ በኋላ ድልድዩ አልተጠገነም። በየስፍራው የመኪና መንገድ ሲከፈት ዋናው ጉዞ ወደዚያ ዞረ፤ በበቅሎ መንገድ ላይ የቀረው ገበሬ ግን መሻገር አልተወም። በሰባራው ቅስት ሁለት ዳር ሰዎች እየቆሙ፣ ተሻጋሪውን በገመድ አስረው ከዳር ወደ ዳር ይስቡት ጀመር። በመጀመሪያው ክፍል የተናገርነው የማኅበር መሻገሪያ እንደ ገና ተመለሰ ማለት ነው፤ የጎደለውን ድንጋይ የሰው ክንድ ተካው። በሽተኛው፣ ነፍሰ ጡሯ፣ ወደ ገበያ የሚሄደው ሁሉ በዚህ ገመድ ላይ ሕይወቱን ያንጠለጥል ነበር።

ይህን የሚያሳይ ፎቶግራፍ በ2000 መጨረሻ በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ወጣ። ፎቶግራፉን የተመለከተው አሜሪካዊው ኬን ፍራንትዝ ለገጠር ድልድዮች የሚሠራ ድርጅት አቋቋመ፤ በ2002ም ባዶው ስፍራ ዳግመኛ ተሸፈነ። ነገር ግን በ2005 ጎርፍ አዲሱን ክፍል ወሰደው። በ2009 የተሠራው ሌላው ድልድይ በሽቦ ገመድ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ነው። የአሳቡ ለውጥ ግልጽ ነው፤ በውኃው መካከል ምሰሶ አያቆምም፣ ከጎርፉም ልክ በላይ ያልፋል። ቅስት ዳሩን ይገፋል፤ የተንጠለጠለ ገመድ ግን ዳሩን ይስባል። ስለዚህ የመልሕቁ ጽናት የድልድዩ ሕይወት ነው።

7. ማጠቃለያ

ከላይ ከተመለከትነው የሚከተሉትን ተግባራት ለወጣት ተመራማሪዎች እናቀርባለን።

አንደኛ፣ ድልድዮቹ በትክክል ተለክተው በሥዕል መመዝገብ አለባቸው። ይህም ሲደረግ ወንዙ ራሱ መለወጡን ማስታወስ ይገባል። በ1996 በሐይቁ አፍ የጨረጨራ መቆጣጠሪያ ግድብ ተሠርቷል፤ ከ2010 ወዲህም የጣና በለስ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ከሐይቁ ብዙ ውኃ ወደ በለስ ወንዝ ይወስዳል። በዓላታ ቅስት ሥር ዛሬ የሚያልፈው ውኃ ግንበኞቹ ልክ የሰጡት ውኃ አይደለም።

ሁለተኛ፣ የግንበኞቹን ትውፊት መሰብሰብ ነው። ለዚህም ጎንደርና ጎጃም ብቻ አይበቁም። ቤተ እስራኤል በተለይ በ1984 እና በ1991 በተደረጉት ታላላቅ ጉዞዎች ወደ እስራኤል ሄደዋል፤ የአባቶቻቸውን ሥራ የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች የሚገኙት በዚያ ነው፤ ቁጥራቸውም በየዓመቱ ይቀንሳል።

ሦስተኛ፣ ጥገና የሚደረግ ከሆነ በኖራ እንጂ በሲሚንቶ መሆን የለበትም። ሲሚንቶ ከአሮጌው ኖራ ይልቅ ደረቅና ግትር ነው፤ ውኃውን በግንቡ ውስጥ ያግታል፣ ግንቡም ሲንቀሳቀስ አብሮ አይንቀሳቀስም፤ ስለዚህ ያጸና መስሎ በዙሪያው ያለውን ይሰነጥቃል። በኖራ ለመጠገን ደግሞ ኖራ ማቃጠልና ማብረድ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። በአክሱም ዘመን የታወቀው ጥበብ አንድ ጊዜ ጠፍቶ ከባሕር ማዶ እንደ ገና መጥቶልናል። አሁን የዓላታ ቅስት ቆሞ ሳለ ከእርሱ መማር ከሁለተኛው መጥፋት ያድነናል።